አንገቱን አትቁረጡት

የተከበራችሁ የክበባችን አባላት፣ እንደምን አመሻችሁ?

በዚህ ዝናብ፣ በዚህ የአራት ኪሎ መንገድ መጨናነቅ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሰብሳቢያችን «ስለ ክረምቱ የእንጉዳይ ለቀማ ጉዞ አጠር አድርገሽ ተናገሪ» ብለውኛል። አሳጥራለሁ። መጀመሪያ ግን የሆዴን ልናገር።

ባለፈው ክረምት ከእንጦጦ ስንወርድ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። አንድ ወንድማችን ፌስታል ሙሉ እንጉዳይ ይዞ ከተፍ አለ። ፍልሰታ ነው፣ ሰው ሁሉ የእንጉዳይ ጥብስ አምሮታል። «ይበላል አይደል?» አለኝ። አንዱን አንስቼ ገለበጥኩት። ከቆቡ ሥር ያለው ሽንሽን ነጭ ነው። ግንዱ ላይ ቀለበት አለ። ከዚያ በታችስ? የለም! ሁሉንም በቢላዋ አንገት አንገታቸውን ቀንጥሷቸዋል።

መርዘኛው እንጉዳይ አማኒታ ፋሎይድስ እኮ የሚታወቀው ከግርጌው ነው። ግንዱ የሚወጣው ከተቀደደ ከረጢት መሳይ ነገር ውስጥ ነው። እሱ አፈር ውስጥ ከቀረ እኔ ምን አይቼ ልፍረድ? «ይጣል» ስል ተኮራረፍን። ይባስ ብሎ ሌላው ስልኩን አወጣና «አፑ ይበላል ብሏል» አለኝ። አፑ አብሮህ ሆስፒታል ይተኛል? ልጆችህን ያሳድግልሃል?

«ነጭ ሽንኩርት አብረሽ ቀቅዪው፣ ካልጠቆረ ብዪው» የምትሉም አላችሁ። ጋሼ፣ አይቆጡኝ፤ ውሸት ነው። የዚህን እንጉዳይ መርዝ እሳት አያጠፋውም። የበላው ሰው ብዙውን ጊዜ ከበላ በኋላ ለ6 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ምንም አይሰማውም። ከዚያ ማስመለስና ተቅማጥ ይጀምረዋል። ቀጥሎ ሻል ይለውና «ተመስገን» ብሎ ከአልጋው ይነሳል። ጉበቱ ግን እየተበላ ነው። ስለዚህ ሻል አለኝ ብሎ ቤት መቀመጥ የለም። የተረፈውን እንጉዳይ ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

መማር ለሚፈልግ ሥራው እንዲህ ነው። ግንዱን አውጡና ቆቡን ነጭ ወረቀት ላይ ድፉት፣ ብርጭቆ ክደኑበት፣ ይደር። ጠዋት ወረቀቱ ላይ ዱቄት ታገኛላችሁ፤ የእንጉዳዩ ዘር ነው። የሚበላው የሜዳ እንጉዳይ አጋሪከስ ጠቆር ያለ ቡናማ ይጥላል፣ አማኒታ ነጭ። ሣር ላይ የሚወጣውና ሆድ የሚያገለባብጠው ክሎሮፊለም ሞሊብዲተስ ደግሞ አረንጓዴ። በቀለሙ ብቻ ግን ማንም ወደ ድስት እንዳይሄድ!

ስለ ቦት ጫማ፣ ስለ ዝናብ ልብስ፣ ስለ መነሻ ሰዓት ፀሐፊያችን ይነግሯችኋል።

ቅዳሜ የምትመጡ ቢላዋችሁን ቤት ትታችሁ ማንኪያ ያዙ። ከነግርጌው ተቆፍሮ ይወጣል፣ በዘንቢል ይመጣል። ጥብሱ ለቸኮለበት ሰው ሱፐርማርኬት ውስጥ የታሸገ አለ።

አመሰግናለሁ።