«ገብቷል ካሉን በኋላ ዲ አመጣ»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ ስልክ የምትደውሉት፣ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮሌጅ ካውንስለር፣ ማለትም ስለ ኮሌጅ ማመልከቻ የተማሪዎች አማካሪ፣ ሆነው ወደሚሠሩ እንግዳችን ነው። ወሬው ሁሉ ስለ 12ኛ ክፍል ውጤት ሆነ።

አድማጭ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ 12ኛ ክፍል ያለው ልጄን ዲሴምበር ላይ ኮሌጅ ተቀበለው። ዘመድ ጠርተን ደገስን። ከዚያ ወዲህ ደብተር ገልጦ አያውቅም። አሁን የመጀመሪያው ሰሚስተር ውጤት ወጣ፤ ሒሳቡ፣ ካልኩለስ፣ ዲ ነው። ትምህርት ቤቱ ለኮሌጁ እንዳይልክብን ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፣ እህቴ። በኮመን አፕ፣ ብዙ ኮሌጆች በሚቀበሉት የጋራ የማመልከቻ ድረ ገጽ፣ ካመለከተ ካውንስለሩ መጀመሪያ ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የትምህርት ውጤት ማስረጃውን፣ ይልካል። ኮሌጁ ከጠየቀ ደግሞ የግማሽ ዓመቱን ይልካል። ሲመረቅ የመጨረሻው ይሄዳል፤ ከዚህኛው ማምለጫ የለም። የመቀበያ ደብዳቤውን እስቲ እንደገና ያንብቡት። «ዓመቱን በጥሩ ውጤት ከጨረስክ» የሚል ነገር አይጠፋበትም። በእልልታው መሃል ማን ልብ ይለዋል?

አንድ ዲ መጣ ማለት ተባረረ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ኮሌጅ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ አንዳንዱ ምን ሆነህ ነው ብሎ ይጠይቃል። ቦታውን የሚነጥቅም አለ። ኢንጂነሪንግ ሊማር ከሆነ የካልኩለስ ዲ ይከብዳል። እኔን የሚያስፈራኝ ጊዜው ነው። ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሜይ 1 አንዱን ኮሌጅ መርጠው ሌላውን ይመልሳሉ። የመጨረሻው ትራንስክሪፕት የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ «ቦታህ ተሰርዟል» ቢባል መሄጃ የለውም።

ስለዚህ አሁኑኑ ለኮሌጁ አድሚሽን (ተማሪ መቀበያ) ቢሮ ይጻፍ። እሱ ራሱ ይጻፍ፣ እርስዎ አይጻፉለት። እናት የጻፈችው ከሩቅ ያስታውቃል። አጭር ይሁን፦ ምን እንደተፈጠረ፣ አሁን ምን እያደረገ እንደሆነ። ሕመም ወይም ሐዘን ከነበረ ይናገር። ስንፍና ከሆነ ግን በነፍስ ያሉትን አያቱን አይግደልብኝ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይቻለሁ። የሁለተኛው ሰሚስተር ውጤት ከፍ ካለ ደብዳቤው እውነት እንደነበር ያሳይለታል።

አድማጭ ከሎስ አንጀለስ፦ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩሲ ማለቴ ነው፣ ሳመለክት ኤፒ ኬሚስትሪ፣ የኮሌጅ ደረጃ ያለውን ኮርስ፣ እወስዳለሁ ብዬ ሞላሁ። አሁን ልተወው ነው። ዝም ብል ያውቃሉ?

መልስ፦ ያውቃሉ፣ የኔ ልጅ። ዩሲ ስታመለክቺ ትራንስክሪፕት አይጠይቅም፤ ራስሽ የሞላሽውን ያምናል። የመጨረሻው ትራንስክሪፕት ሲመጣ ግን ከሞላሽው ጋር ያስተያየዋል። ከመተውሽ በፊት ካውንስለርሽን አነጋግሪ። ከተውሽው ደግሞ ወዲያው አሳውቂያቸው። ዲ ወይም ኤፍ ብታመጪም እንደዚሁ ነው። ከተቀበሉሽ በኋላ ፖርታልሽ (የአመልካች ገጽሽ) ላይ ቅድመ ሁኔታዎቹን ታገኛለሽ። ብዙውን ጊዜ በ12ኛ ክፍል ቢያንስ 3.0 ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ይፈልጋሉ፤ ዲና ኤፍ አይፈልጉም። ኬሚስትሪውን መተው ያን ያህል ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ዝምታው ነው።

አድማጭ ከአሌክሳንድሪያ፦ ልጄ 9ኛና 10ኛን የተማረችው አዲስ አበባ ነው። ውጤቷ ከመቶ ነው። የኮሌጅ ማመልከቻው ላይ ወደ አሜሪካው 4.0 ለውጠን እንሙላው?

መልስ፦ አይለውጡት። 87 ከሆነ 87 ብላ ትሙላ። የውጭ አገር ውጤት ማንበብ የኮሌጆቹ ሥራ ነው። እርስዎ ዋናውን ትራንስክሪፕት ከአዲስ አበባ በጊዜ ያስመጡ፤ ክረምት ከገባ ቢሮ ውስጥ ሰው ማግኘት ይከብዳል።