ሦስት ካርድ፣ አንድ ልጅ

ክቡራን እንግዶች፣ እናቶችና አባቶች፣ መምህራን፣ የጤና ባልደረቦቼ፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

ዛሬ መጋቢት 24 ዓለም ስለ ኦቲዝም፣ ልጅ ከሰው ጋር የሚግባባበትን መንገድ ስለሚለውጠው የአእምሮ እድገት ሁኔታ፣ የሚነጋገርበት ቀን ነው። እኔ ግን ስለ ኦቲዝም ብቻ ልናገር አልመጣሁም፤ በምሠራበት ክፍል ኦቲዝም ብቻውን ሲመጣ ብዙም አላየሁምና።

ከዓመታት በፊት አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጃቸውን እጁን ጨብጠው ከገጠር መጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ሦስት ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩ። አንዱ «የሚጥል በሽታ» ይላል፤ ሁለተኛው «ኦቲዝም»፤ ሦስተኛው «የትኩረት ማነስና ቅብጥብጥነት»። ካርዶቹ በላብና በጸበል ርሰው ጠርዛቸው ተላልጧል። «የኔ ልጅ፣ በአንድ ሕፃን ላይ ስንት በሽታ ነው የሚወርደው?» አሉኝ። ደጅ ያለው ወረፋ ረዝሞ ነበርና ቸኩዬ «እናቴ፣ ሁሉም በዘር የሚመጣ ነው» አልኳቸው። ካርዶቹን መልሰው ቋጠሩ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

የምናገረውን አላወቅሁም ነበር። በእኛ አገር «ዘር» ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠር ነገር ነው። «በዘር ነው» ሲባል የልጁ እኅት የምታገባበት በር ተዘጋ ማለት ነው። ዛሬ የምለው ያን ቀን ለእኒያ እናት ልመልስላቸው ይገባኝ የነበረውን ነው።

በአንድ ወቅት በምዕራቡ ዓለም ኦቲዝም የሚመጣው ፍቅር ከነፈገች እናት ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ሱዛን ፎልስቲንና ማይክል ራተር የተባሉ ተመራማሪዎች በብሪታንያ 21 ጥንድ መንትዮችን አጠኑ። ከአንድ እንቁላል ከተከፈሉት 11 ጥንዶች በአራቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው፤ ከሁለት እንቁላል ከተገኙት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም ሁለቱ አልተያዙም። እናትን የሚወቅሰው ወሬ መሠረቱ ተናጋ። እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ግን የዚያው ጥናት ሌላ ግኝት ነው። ኦቲዝም ያልታየባቸው የአንድ እንቁላል መንትዮችም አብዛኞቹ የቋንቋ ወይም የአእምሮ እድገት ችግር ነበረባቸው። ሥሩ አንድ ሆኖ የበቀለው ቅርንጫፍ ለየቅል ነበር።

ይህ እንዴት ይሆናል? ጎንደር የአቋቋም አገር ናትና ነገሩን ከማኅሌቱ እንየው። ከበሮው አንዲት ምት ቢያዛንፍ ጸናጽሉም፣ መቋሚያውም፣ ሽብሸባውም ይናጋል። ይህን የሚያይ ሰው ሦስት ስሕተት ተሠራ አይልም። የሕፃን አንጎል በማኅፀን ሲሠራም እንዲሁ ነው። የነርቭ ሕዋሳት ወደየቦታቸው ሲሄዱና እርስ በርስ ሲያያዙ የሚመሯቸው ዘረ መሎች፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ ያሉ የአሠራር መመሪያዎች፣ ለንግግር አንድ፣ ለትኩረት ሌላ ተብለው የተከፋፈሉ አይደሉም። ያው ዘረ መል ብዙ ቦታ ያገለግላል። ዘረ መሎች ከተደረደሩባቸው ክሮሞሶሞች በ16ኛው ላይ አንዲት የታወቀች ቁራጭ የጎደለችባቸው ልጆች አሉ። አንዱ አፉን ዘግይቶ ይፈታል፣ ሌላው ኦቲዝም ይታይበታል፣ ሌላውን ይጥለዋል። ያችኑ ጉድለት ይዞ ያደገ፣ ምንም የማይመስል አባትም ይገኛል።

የሕክምናው መመሪያ ራሱ ይህን ለመቀበል ዘግይቷል። እ.ኤ.አ. እስከ 2013 ድረስ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ኦቲዝምንና የትኩረት ማነስን ለአንድ ልጅ አንድ ላይ መመዝገብ አይፈቅድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ስምንት የአእምሮና የነርቭ እድገት ችግሮችን ያነጻጸረ ሰፊ ጥናት፣ ቢያንስ ሁለቱ የሚጋሯቸውን 109 የዘረ መል ቦታዎች አገኘ።

አሁን «ዘር» ወደሚለው ቃል ልመለስ። ለኦቲዝም የዘረ መል ድርሻ 80 በመቶ ገደማ ነው ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ቁጥሩ የሚናገረው በሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው፤ ወላጅ 80 በመቶ ያወርሳል ማለት አይደለም። አብዛኛው ድርሻ በሺህ ከሚቆጠሩ ጥቃቅን ልዩነቶች የሚመጣ ነው፤ እነዚህን እኔም፣ እናንተም፣ ይህ አዳራሽ በሙሉ ተሸክመናል። ከእናትም ከአባትም ያልመጣ፣ ከልጁ የጀመረ አዲስ ለውጥም አለ። በወሊድ ጊዜ መታፈንና ማጅራት ገትርም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። የተረገመ ቤት የለም። ዘር ቆጥራችሁ ሙሽራ ለምትመርጡ ሁሉ ይህን አጥብቄ እለምናለሁ።

ለባልደረቦቼ፦ አንዱን ስታገኙ ሌላውን ፈልጉ። ፌኖባርቢታል በአገራችን ለሚጥል በሽታ በብዛት የምንሰጠው መድኃኒት ነው፤ አንዳንድ ልጆችን ያቅበጠብጣል። መጣሉን ብቻ ያየ ባለሙያ መጠኑን ይጨምራል፣ መቅበጥበጡን ብቻ ያየ መምህር ልጁን ያስወጣል፤ እናት በመካከል ትንከራተታለች። ወላጆች ግን መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ድንገት ሲቋረጥ ይብሳል። ያያችሁትን ሁሉ ግን፣ የእንቅልፉንም የምግቡንም ሳይቀር፣ ሳታፍሩ ንገሩን። መምህራንም ወደ እኛ ስትልኩ «አስቸጋሪ ነው» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፤ ምን ጊዜ፣ ምን ሲያደርግ እንደሆነ ጻፉልን።

እኒያ እናት ዛሬ እዚህ አዳራሽ ካሉ፣ ወይም የሚያውቃቸው ሰው ካለ፣ ልጁ አሁን ጎረምሳ ሆኗል። ሦስቱን ካርዶች ይዘው ይምጡ። እስኪመሽ በሩ አጠገብ ነኝ።