በአዳራሹ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ እንወቅ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ሸሆቻችንና ቀሳውስቶቻችን፣ ከደላንታም ከቃሉም ከቆቦም ድረስ ወደ ደሴ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

በፈረንጆች 2027 አዲስ አበባ የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤን፣ ኮፕ 32ን፣ ታስተናግዳለች። አዘጋጆቹ ወሎ ለጉባኤው ያላትን መልእክት እንድናገር ጠይቀውኛል። ስለ ችግኝና ስለ ተፋሰስ ሥራ አስቤ ነበር፤ እሱን ግን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የመጣሁት ስለ ተደበቀ መረጃ ልናገር ነው።

በ1965 የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። የ1964 ክረምት ሳይዝ ቀርቶ፣ የበልጉም ዝናብ ሳይመጣ ሲቀር እናቴ መጀመሪያ ጥጃዋን፣ ቀጥላም የእርሻ በሬውን ሸጠች። ሌላ የሚሸጥ ሲጠፋ እኔንና ታናሽ እህቴን ይዛ ወደ ትልቁ መንገድ ወረደች። ሕዝቡ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና በእጁ ይለምን ነበር። አንድ ሹም ከላንድሮቨሩ ወርዶ አየን፤ እናቴ «ጌታዬ፣ እህሉ መቼ ይመጣል?» ብላ ስትጠይቀው ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈና መልስ ሳይሰጣት ሄደ። እህቴን ከአላውሃ ወንዝ ወዲህ ቀበርናት። መግነዣ ስላልነበረ እናቴ ከነጠላዋ ግማሹን ቀደደች።

ካደግሁና በግብርና ሥራ ከተሰማራሁ በኋላ ነው የመንግሥት የሰብል ግምገማ ጥፋቱን አስቀድሞ ተናግሮ እንደነበርና ይፋ እንዳይወጣ እንደተደረገ ያወቅሁት። የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው ፎቶግራፍ ባያነሡ፣ ጥቅምት 1966 ላይም ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በቴሌቪዥን ባያሳይ ኖሮ፣ የስንት ሰው እህት በዝምታ ትቀበር ነበር?

ለወሎ ሰው «ሰባ ሰባት» ሲባል የሚታየው የ1977ቱ የረሃብ መጠለያ፣ ኮረም ነው። በፈረንጆቹ 1977 ደግሞ የኤክሶን የነዳጅ ኩባንያ ሳይንቲስት ጄምስ ብላክ የነዳጅ ጭስ ምድርን እንደሚያሞቅ ለኩባንያው አለቆች አስረድቶ ነበር። የእኛን ድርቅ ያመጣው ያ ኩባንያ ነው አልልም፤ እውነቱን ይዞ መደበቅ ምን እንደሚያስከትል ግን ወሎ ታውቃለች። ኩባንያውም በመደበቅ ብቻ አላበቃም። በፈረንጆቹ 1989 የነዳጅ፣ የድንጋይ ከሰልና የመኪና ኩባንያዎች «የዓለም የአየር ንብረት ጥምረት» የሚል ማኅበር አቋቋሙ፤ ኤክሶንም አባሉ ሆነ። ስሙን የሰማ ሰው ለምድር የቆመ ማኅበር ይመስለዋል፤ እሱ ግን በ2002 እስኪፈርስ ድረስ ምድርን የሚያሞቁ ጋዞችን ለመቀነስ የተደረገውን የኪዮቶ ስምምነት ሲዋጋና ሳይንሱን ሲያጠራጥር ኖረ።

በ2023 በዱባዩ ጉባኤ የሲቪክ ማኅበራት ጥምረት 2,456 የነዳጅ ኢንዱስትሪ ወትዋቾችን፣ ማለትም ለኩባንያ ጥቅም ባለሥልጣናትን የሚያግባቡ ሰዎችን፣ ቆጥሯል፤ በማግስቱ ዓመት በባኩ 1,773። ብዙዎቹ የሚገቡት በንግድ ማኅበራት ስም ወይም የአገር ልዑካን በሚይዙት ባጅ ነው። ልጇን የቀበረች እናት ቪዛና ትኬት አጥታ ስትቀር፣ እነዚህ ከሚኒስትሮች ጎን ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ!

ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ነው የምትሉ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከጡረታዬ በፊት ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ በተጠራ ምክክር ላይ ነበርሁ። ረቂቁ የፍሳሹ ምርመራ ውጤት በየወሩ ለነዋሪው እንዲለጠፍ ያዝዝ ነበር። ከኋላ የተቀመጠ፣ «ባለሙያ» ተብሎ የተዋወቀን ሰው በምሳ ሰዓት ኃላፊዎቹን እየዞረ አነጋገረ። ረቂቁ ሲመለስ ያ አንቀጽ የለም። ሰውየው የፋብሪካው ተከፋይ እንደነበር የሰማነው ዘግይተን ነው፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ስሙ እንኳ አልሰፈረም። ወንዙ ግን እስከ ዛሬ ይጠቁራል፤ ከብቶቻችንም ከዚያው ይጠጣሉ!

ኩባንያዎች አይናገሩ አላልሁም፤ ይናገሩ፣ ነገር ግን በስማቸው ይናገሩ። በአየርላንድ ከፈረንጆቹ 2015 ጀምሮ በወጣ ሕግ መሠረት፣ ወትዋች ማንን፣ ስለ ምን እንዳነጋገረ በዓመት ሦስት ጊዜ በይፋ ያስመዘግባል። እኛም የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለን። በአዲስ አበባው ጉባኤ የሚገባ ሁሉ የከፈለለትን ይግለጽ፤ የኢትዮጵያ ልዑካን ስም ዝርዝርም ከነመሥሪያ ቤታቸው አስቀድሞ ይውጣ፤ በየዞኑ ምክክርም እንዲሁ።

ይህንኑ የሚጠይቀው ደብዳቤ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። መፈረም ለማትችሉ እናቶችና አባቶች የጣት አሻራ ቀለም አዘጋጅተናል።