ሰባት ቤት፤ ከቦዝዎርዝ እስከ ቦልተን

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ለብቻዬ ሆኜ ከጥቂት ወራት ወዲህ ከሐሳቤ ያልወጣውን የአንድ ሰው ነገር ላጫውታችሁ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

የምኖረው በሰሜን እንግሊዝ፣ ከማንቸስተር ብዙም በማትርቀው በቦልተን ከተማ ነው። ወደ ሥራ ስሄድ የማልፈው በቸርችጌት ጎዳና፣ የገበያው መስቀል ከቆመበት ፊት ለፊት ነው። በዚያ አካባቢ ኦክቶበር 15 ቀን 1651 ጄምስ ስታንሊ የተባለ የ44 ዓመት ሰው በመጥረቢያ አንገቱ ተቆርጧል። ሰውየው ሰባተኛው የደርቢ ኧርል ነበር፤ ኧርል የእንግሊዝ መኳንንት በውርስ የሚይዙት ማዕረግ ነው። ደርቢ የሚለውን ቃል አብዛኞቻችሁ ከእግር ኳስ እንደምታውቁት እገምታለሁ፤ በ1780 የተጀመረው የፈረስ ውድድርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቤት፣ ከዐሥራ ሁለተኛው ኧርል ነው። ፈረሱን ግን ልተወውና ወደ ሰውየው ልመለስ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ሰባት ቤት ያስቆጥረኝ ነበር፤ ስሞቹን ሳላዛንፍ ካልጠራሁም ከመጀመሪያው ያስጀምረኛል። የጄምስን ትውልድ ሳነብ እጄ ሳላስበው መቁጠር ጀመረ። ራሱን አንድ ብለን ብንነሣ አባቱ ዊልያም ነው፤ ከዚያ አያቱ ሄንሪ፣ ቅድመ አያቱ ኤድዋርድ፣ ከእሱም በላይ ቶማስ፣ ከዚያ ጆርጅ፣ በሰባተኛው ቤት ደግሞ ሌላው ቶማስ ስታንሊ፣ የመጀመሪያው የደርቢ ኧርል ይገኛል። ሰባተኛው ኧርል በሰባተኛው ቤት ላይ መገኘቱ ግን ግጥምጥሞሽ ነው፤ ጆርጅ ከአባቱ ቀድሞ ስለሞተ ማዕረጉን አላገኘም፣ የጄምስ አጎት ፈርዲናንዶ ደግሞ በ1594 እስኪሞት ድረስ አምስተኛው ኧርል ነበር። ፈርዲናንዶ ተመርዞ ነው የሞተው የሚል ወሬ በዘመኑ በሰፊው ተነዝቷል።

ይህ ቤት ኧርል የሆነው በመጠበቅ ነው። በ1485 በቦዝዎርዝ ሜዳ ንጉሥ ሪቻርድ ሦስተኛና ኋላ ሄንሪ ሰባተኛ ተብሎ የነገሠው ሄንሪ ቱዶር ሲፋለሙ፣ ቶማስ ስታንሊ ሠራዊቱን ይዞ ከዳር ቆመ። ሚስቱ ማርጋሬት ቦፎርት የሄንሪ እናት ስለነበረች ለአንደኛው ወገን የእንጀራ አባት ነው፤ ልጁ ጆርጅ ደግሞ በሌላኛው ወገን በመያዣነት ታስሯል። ሪቻርድ ካልመጣህ ልጅህን እገድለዋለሁ ብሎ ቢልክበት፣ ሌሎች ልጆችም አሉኝ ብሎ መለሰ ይባላል። መልሱ እውነት ይሁን ተረት፣ ቶማስ ግን የመጨረሻው ሰዓት እስኪደርስ አልተነቃነቀም፤ ውጊያውን የለወጠው ወንድሙ ዊልያም ለሄንሪ ገብቶ ሲዋጋ ነበር። ቶማስ በዚያው ዓመት የደርቢ ኧርል ተባለ። ዊልያም ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ በክህደት ተከሶ፣ ዘውድ እንዲጭን በረዳው በዚያው ንጉሥ ትእዛዝ ተገደለ። ቤቱ ይህን ሁሉ አሳልፎ የያዘው መሪ ቃል በፈረንሳይኛ «ሳን ሻንዤ» ነው፤ «ያለ መለወጥ» ማለት ነው። የመጀመሪያውን ኧርል ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ፈገግ ሳይሉ ማንበቡ ይከብዳል።

እዚህ ላይ የአባቴን አቆጣጠር ልተች። በወንዶቹ ብቻ ስንቆጥር የቦዝዎርዙን ሰው አገኘን፤ ጄምስን ከዙፋን ጋር ያገናኘው ግን ሴቶቹ ናቸው። የአባቱ እናት ማርጋሬት ክሊፈርድ ነበረች፤ የእሷ እናት ኤሌኖር ብራንደን፣ የኤሌኖር እናት ደግሞ የንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛ ልጅ ሜሪ ቱዶር። በእናቱ በኤልሳቤጥ ደ ቪር በኩልም የኦክስፎርድ ኧርል የልጅ ልጅ፣ የንግሥት ኤልሳቤጥ ቀኝ እጅ የነበረው የዊልያም ሴስል የልጅ ልጅ ልጅ ነበር። ይህ የሴቶች ሐረግ ክብር ብቻ ሳይሆን ጥርጣሬም አውርሶታል፤ በንጉሥ ቻርልስ አንደኛና በፓርላማው መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር የንጉሡ ባለሟሎች፣ ለዘውድ የቀረበ ደም ያለው ሰው ብዙ ጦር ሊሰጠው አይገባም ብለው እንዳስጠነቀቁት ይነገራል።

ጄምስ በ1626 ዘ ሄግ ላይ ያገባት ሻርሎት ደ ላ ትሬሞይ ከፈረንሳይ ፕሮቴስታንት መሳፍንት የተወለደች ስትሆን፣ በእናቷ በኩል የኔዘርላንድስን ዐመፅ የመራው የዊልያም ዘ ሳይለንት የልጅ ልጅ ነበረች። በ1644 የፓርላማው ጦር ላተም የተባለውን የቤተሰቡን ምሽግ ሲከብ ባሏ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው፣ «ማን» በምትባለው ደሴት ነበር። ሦስት መቶ ያህል ሰዎች ይዛ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ሜይ መጨረሻ እጅ አልሰጥም አለች። ከሁሉ ይበልጥ ቤቱን ያስጨነቀው ትልልቅ ድንጋይና ተቀጣጣይ ኳስ ወደ ሰማይ እየወረወረ በጣሪያ ላይ የሚያወርደው ሞርታር ነበር፤ በአፕሪል ማለዳ ወታደሮቿ ከግንቡ ወጥተው መሣሪያውን ማርከው ወደ ውስጥ ጎትተው አስገቡት። እኔ ስለ ባል ላነብ ተቀምጬ፣ ብዙ ሌሊት የፈጀሁት ስለ ሚስት በማንበብ ነው።

ከበባው የተፈታው ልዑል ሩፐርት ከንጉሡ ጦር ጋር ሲመጣ ነው። ከባቢዎቹ ሸሽተው ቦልተን ገቡ። ሜይ 28 ቀን ሩፐርትና ጄምስ በዝናብ ውስጥ ከተማዋን ሰብረው ገቡ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ጭፍጨፋ ነው። በዘመኑ የታተሙ ጽሑፎች እስከ 1,600 ሰው ሞተ ይላሉ፤ ቁጥሩን የተጋነነ ነው የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ጄምስም ቀድሞ አገልጋዩ የነበረውን ካፒቴን ቡትልን ከተማረከ በኋላ በእጁ ገደለ ተብሎ ተከሰሰ፤ እሱ እስከ መጨረሻው ክዷል። ሩፐርት ከከተማዋ የተማረኩትን 22 ሰንደቆች ለሻርሎት በስጦታ ላከላት። ሴትዮዋን ያደነቅኋትን ያህል፣ እነዚያ ሰንደቆች በየትኛው አዳራሽ ተሰቅለው እንደነበር ሳስብ ይከብደኛል፤ በየቀኑ የምራመድበት መንገድ ነውና።

ጄምስ የቀሩትን ዓመታት ያሳለፈው በማን ደሴት ነው። ከ1405 ጀምሮ ደሴቲቱ የስታንሊዎች ነበረች፤ ግብሯም አዲስ ንጉሥ ዘውድ በጫነ ቁጥር ሁለት ጭልፊት ማቅረብ ብቻ ነበር። በ1649 ንጉሡ ከተገደለ በኋላ ከፓርላማው ጦር መሪዎች አንዱ የነበረው የክሮምዌል አማች አይርተን ደሴቲቱን አስረክብ ብሎ ጻፈለት። ጄምስ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ዳግመኛ ከላክህ ወረቀቱን አቃጥዬ መልእክተኛውን እሰቅለዋለሁ ብሎ መለሰ። ቀዳማዊው ቶማስ ቢሆን ኖሮ መልሱን ለጥቂት ወራት ያዘገየው ነበር ብዬ አስባለሁ።

በ1651 ለተገደለው ንጉሥ ልጅ ለቻርልስ ሁለተኛ ሊዋጋ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በኦገስት መጨረሻ በዊጋን ሌን ጦሩ ተደመሰሰ፤ ቆስሎ ቦስኮቤል በሚባል ገለልተኛ ቤት ተሸሸገ። ከዎርስተር ሽንፈት በኋላ የሚደበቅበት ያጣውን ወጣት ንጉሥ ወደዚያ ቤት እንዲሄድ የመከረው እሱ ነው። ንጉሡ ዳነ፤ ጄምስ ግን ናንትዊች አጠገብ ሕይወቱ እንዲተርፍ ቃል ለገባለት መኮንን እጁን ሰጠ። ቼስተር ላይ የተሰየመው የጦር ፍርድ ቤት፣ ለከሃዲ የተገባ ቃል አይጸናም ብሎ ሞት ፈረደበት። ፍርዱ እንዲፈጸም የተመረጠችውም ቦልተን ናት። ምርጫው ሆን ተብሎ እንደነበር ለማወቅ ብዙ ማሰብ አይጠይቅም።

በደሴቲቱ ሚስቱን አደራ የሰጠው ለዊልያም ክርስቲያን ነበር፤ የደሴቲቱ ተወላጆች፣ ማንክሶች፣ ኢልያም ዶን ይሉታል። ጄምስ የሕዝቡን የመሬት ይዞታ ሥርዓት በመለወጡ ቅሬታ ተጠራቅሞ ነበርና ኢልያም ዶን ዐመፁን መርቶ ደሴቲቱ ለፓርላማው ጦር ተሰጠች። ንጉሣዊው ሥርዓት ከተመለሰ በኋላ፣ የጄምስ ልጅ ቻርልስ ጃንዋሪ 2 ቀን 1663 ሃንጎ ሂል ላይ በጥይት አስገደለው። ደሴተኞቹ በየዓመቱ በዚያች ቀን ተሰብስበው የሚያስቡት እሱን እንጂ ኧርሎቹን አይደለም።

የጄምስ የወንድ ሐረግ ከዚያ በኋላ ረጅም ዕድሜ አላገኘም። ልጁ ቻርልስ፣ ከዚያ የቻርልስ ሁለት ልጆች ተራ በተራ ኧርል ሆኑ፤ የመጨረሻው በ1736 ያለ ልጅ ሲሞት ማዕረጉ ከመጀመሪያው ኧርል ልጅ ከጆርጅ፣ በሌላ ልጁ በኩል ለሚወርድ ሩቅ ዘመድ ተላለፈ። ዛሬ ያሉት የደርቢ ኧርሎች ከእሱ የመጡ ናቸው። ደሴቲቱ ግን በሴት ወገን ሄደች፤ የጄምስና የሻርሎት ልጅ አሚሊያ የስኮትላንዱን ጆን መሪ አግብታ ነበርና፣ የእሷ ዘሮች የአቶል ዱኮች ወረሷት። በ1765 የብሪታንያ መንግሥት የበላይነቱን መብት በ70,000 ፓውንድ ገዛቸው። ሆኖም በ1821 ጆርጅ አራተኛ ዘውድ ሲጭን፣ የአሚሊያ ተወላጅ የሆነው የአቶል ዱክ እንደ ጥንቱ ሁለት ጭልፊት ይዞ ቀርቧል።