ጉድጓዷ ለምን ተቆፈረች?

(ምስል፦ ጠባብ ክብ ጉድጓድ፣ ውስጡ የከሰለ የበቆሎ ቆረቆንዳ)

ይህችን ጉድጓድ እዩአት። ስፋቷም ጥልቀቷም ወደ 30 ሴንቲሜትር ነው። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ በተደረገ ቁፋሮ እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች ወጡ። ቆረቆንዳው ነድዶ አመድ አልሆነም፤ ታፍኖ ከስሏል። ስለዚህ ሰውየው ወይም ሴትየዋ የፈለጉት እሳቱን ሳይሆን ጭሱን ነው። ግን ጭስ ለምን?

አፈሩ ይህን አይነግረንም። አርኪዮሎጂስቱ ሉዊስ ቢንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ መልሱን የፈለገው ኢትኖግራፊ ውስጥ ነው፤ ማለትም ሰዎች ከማኅበረሰቡ ጋር ተቀምጠው፣ አይተውና ጠይቀው በጻፉት መዝገብ ውስጥ። እዚያ ኦማሃና ዳኮታን የመሳሰሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቆዳ እንዴት እንደሚያጥኑ ተጽፏል። ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ እየታፈነ የሚጨስ ነገር ይገባበታል፣ የለፋው ቆዳ እንደ ድንኳን ከላይ ይደፋበታል፤ ጭሱ ሰርጎ የገባበት ቆዳ ታዲያ ውሃ ነክቶት ቢደርቅ እንኳ ልስላሴውን አይለቅም።

አለቀ? አላለቀም። በ1969 ፓትሪክ መንሰን የተባለ ሌላ ተመራማሪ እንደዚሁ ከመዛግብት ተነስቶ፣ ሸክላ ሠሪዎችም የማሰሮን ውስጥ ለማጥቆር እንዲህ ባለ ጉድጓድ ይጠቀሙ እንደነበር አሳየ። እኔ ይህን ክርክር በጣም ነው የምወደው። ኢትኖግራፊ መልስ አይሰጥም፣ ምን ብለን እንደምንጠይቅ ነው የሚያሳየን። ከዚያ ወደ ቁፋሮው መመለስ ነው፦ ውስጣቸው በጭስ የጠቆረ ሸክላዎች አሉ? የቆዳ መፋቂያስ?

ወደ እኛ አገር እንምጣ። የድንጋይ መሣሪያ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ሠሪው ተብሎ የሚታሰበው ወንድ ነው። ኮንሶ ውስጥ ግን ድንጋዩን መርጠው፣ ፈልጠው፣ እጀታ ላይ ሰክተው ቆዳ የሚፍቁት ሴቶች ናቸው። ከጥንት የተረፉ ሰዎች ግን አይደሉም፤ የራሳቸው ታሪክ ያላቸው የዛሬ ባለሙያዎች ናቸው።

(ምስል፦ የድንጋይ መፋቂያ በቅርበት፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ሹል)

ይህችን ሹል ደግሞ ልብ በሉ። እንዲህ ያለችው ሹል በጥንታዊ መፋቂያዎች ላይ ስትገኝ፣ ለመቅረጫ ሆን ተብላ የወጣች ናት የሚሉ አርኪዮሎጂስቶች ነበሩ። ጋሞ ውስጥ ከቆዳ ፋቂዎች ጋር ተቀምጦ መሣሪያቸውን አንድ በአንድ ማየት ሲጀመር ግን ሹሏ የምትበዛው ገና ሙያውን በሚለማመዱ ወጣቶችና ጉልበታቸው በደከመ አዛውንቶች መፋቂያ ላይ ሆነች።