በሜዳ የነበረው ደብር፦ ስለ ለንደኑ ቅዱስ ማርቲን ቤተክርስቲያን የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣

ለንደን የምንኖር ሁላችንም ማለት ይቻላል በትራፋልጋር አደባባይ ስናልፍ ከብሔራዊው የሥዕል ሙዚየም ጎን የቆመውን ነጭ ቤተክርስቲያን አይተነዋል። ብዙዎቻችን ግን ቀጠሮ ከምንይዝበት ምልክትነት አልፈን ስለ ታሪኩ ጠይቀን አናውቅም። የቅዳሜው ጉብኝታችን ወደዚያ በመሆኑ፣ ስለዚህ የአንግሊካን አጥቢያ ጥቂት እንድናገር ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እንግሊዞች ደብሩን «በሜዳ ያለው ቅዱስ ማርቲን» ይሉታል። ዛሬ ሜዳ ቀርቶ አንድ የሣር ጉብታ በአካባቢው የለም። ይሁንና በ1222 የዌስትሚንስተር ገዳም አበምኔትና የለንደን ጳጳስ «ቤተክርስቲያኑ በማን ሥልጣን ሥር ነው» ብለው ሲከራከሩ፣ ቦታው በለንደንና በዌስትሚንስተር ከተሞች መካከል የተንጣለለ ገጠር ነበር። የመቃብር ስፍራነቱማ ከዚያም እጅግ ይቀድማል፤ በ2006 ለእድሳት ሲቆፈር በ410 ዓመተ ምሕረት ገደማ የተቀበረ ሰው ከነድንጋይ ሣጥኑ ተገኝቷል።

አጥቢያው ራሱን ችሎ እንዲቆም ያደረገው ምክንያት ግን መንፈሳዊ አልነበረም። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1542 ቤተክርስቲያኑን እንደገና ያሠራው፣ በወረርሽኝ የተመቱ የአካባቢው ሰዎች በኋይትሆል ቤተ መንግሥቱ በኩል እንዳያልፉ ብሎ ነው። ብርድ ለመታው ነዳይ ካባውን በሰይፍ ለሁለት ከፍሎ በሰጠው ወታደር ስም የሚጠራ ደብር፣ ሕሙማንን ከንጉሥ ደጅ ለማራቅ ታንጾ ነበር ማለት ነው። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ።

አሁን የምናየው ሕንፃ ከ1722 እስከ 1726 የተሠራ ነው። መሐንዲሱ ጄምስ ጊብስ ስኮትላንዳዊ ካቶሊክ ሲሆን ሙያውን የተማረው ሮም ነበር። መጀመሪያ ያቀረበው ንድፍ ክብ ቤተክርስቲያን እንደነበር ሳነብ፣ በክብ ቤተክርስቲያን ቅጥር ግቢ ላደግነው ለእኛ ሳይቆጨኝ አልቀረም፤ ወጪው በዛ ተብሎ ውድቅ ሆነ። በምትኩ የግሪክና የሮማ ቤተ ጣዖት የመሰለ፣ ከፊቱ ስድስት ግዙፍ ዓምዶች የተደረደሩበት ሕንፃ ሠራ። ከዓምዶቹ በስተጀርባም 59 ሜትር ገደማ የሚደርስ የደወል ማማ ከጣሪያው መሃል ብቅ እንዲል አደረገ። ማማ በእንዲህ ያለ ጣሪያ ላይ መቀመጡን «አንዱ በሌላው ራስ ላይ የወጣ ሕንፃ» አስመስለው የነቀፉ ነበሩ፤ እኔም ከቅርብ ሆኜ ሳየው ነቀፌታው ጨርሶ ከንቱ አይመስለኝም። ሆኖም ጊብስ ንድፉን በ1728 በመጽሐፍ ስላሳተመው፣ በአሜሪካ የተሠሩ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ይህንኑ መልክ ወረሱ።

ውስጡ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በመጋረጃ የተከፈለ አይደለም፤ ምእመኑ በአንድ ሰፊ አዳራሽ ይቀመጣል፣ በሁለቱም ጎን ሰገነት አለ፣ የጣሪያው የኖራ ጌጥ ደግሞ የጣልያንኛ ተናጋሪ ባለሙያዎች የእጅ ሥራ ነው። የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በዚህ አጥቢያ ክልል ስለሚገኝ የንጉሣዊው ቤተሰብ ዓርማ ከመሠዊያው ፊት ባለው ቅስት ላይ ተሰቅሏል። በስተምሥራቅ ያለውን መስኮት በደንብ እንድታዩት እለምናችኋለሁ። የቀድሞው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ድብደባ ረገፈ፤ በ2008 ኢራን የተወለደችው ሠዓሊ ሺራዜህ ሁሽያሪ አዲሱን ስትነድፍ የቅዱሳን ሥዕል አላስገባችም። ቀጥ ያሉት የመስኮቱ ዘንጎች ወደ መሃል ሲጠጉ ይለመጣሉ፤ በመካከላቸውም እንቁላል የመሰለ ክፍት ብርሃን ይቀራል። አንዳንዱ መስቀል ያይበታል፣ አንዳንዱ በውኃ ውስጥ የሚታይ ጥላ።

በልባችሁ ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ልመለስ። በ1914 ዲክ ሼፐርድ የደብሩ አስተዳዳሪ ሆኖ ሲመጣ፣ ወደ ፈረንሳይ ጦር ግንባር የሚሄዱና የሚመለሱ ወታደሮች ከቅርቡ የቻሪንግ ክሮስ ባቡር ጣቢያ እየወረዱ ማደሪያ ያጡ ነበር። እርሱም የቤተክርስቲያኑን በር ሌሊትም ክፍት አደረገላቸው፤ ከሥሩ ያለው በጡብ ቅስቶች የተሠራው ምድር ቤትም መጠለያ ሆነ። በጥር 6 ቀን 1924 ደግሞ የእንግሊዝ ራዲዮ የአምልኮ ሥነ ሥርዓትን ከቤተክርስቲያን በቀጥታ ያስተላለፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ ነው። ለቤት አልባዎች የሚደረገው እርዳታ በዚያው ቀጥሎ እስከ ዛሬ አለ።

ቅዳሜ የምንገባው በሰሜን በኩል ባለው የመስታወት መግቢያ ወደ ምድር ቤቱ ወርደን ነው። አሁን ቡና ቤት ሆኗል፤ ወለሉ የቀድሞ የመቃብር ድንጋዮች ስለሆኑ በስሞች ላይ እንደምትረግጡ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት ግን በዓምዶቹ ሥር ካለው የድንጋይ ብሎክ አጠገብ እንቆያለን። በላዩ ገና የተወለደ ሕፃን እትብቱ ሳይቆረጥ ተቀርጿል፤ ዙሪያውንም ከዮሐንስ ወንጌል የመጀመሪያ ምዕራፍ የተወሰደው ቃል ተጽፎበታል።

አመሰግናለሁ።