መጋረጃውና አርችዲከኑ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

እዚህ ለንደን ከቆያችሁት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የራሳችን ሕንፃ ሳይኖረን የምንቀድሰው ከአንግሊካኖች፣ ማለትም ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን፣ በተዋስነው ሕንፃ ነበር። አንድ ጊዜ ለመቅደሱ የመጋረጃ መስቀያ ልንሠራ ፈለግን። የአጥቢያው ቄስ ደግ ሰው ነበሩ። ግን "እኔ ብቻዬን አልፈቅድም፤ የአርችዲከን ፈቃድ ያስፈልጋል" አሉን። አርችዲከን በእኛ አፍ ሊቀ ዲያቆናት ነው። እርስ በርስ ተያየን። ዲያቆን ቄስን ያዛል እንዴ?

ያ ጥያቄ ብዙ አስነበበኝ። ዛሬ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስሙን እናውቀዋለን። ቅዱስ እስጢፋኖስን ሊቀ ዲያቆናት እንለዋለን። ማዕድ እንዲያገለግሉ ከተመረጡት ከሰባቱ የመጀመሪያው ነው። በ258 ሮም ላይ ሰማዕት የሆነው ላውረንስም የዲያቆናቱ አለቃ ነበር። ገንዘብ ያዡ እሱ ነው። ሹሙ "የቤተ ክርስቲያኑን ሀብት አምጣ" ሲለው ድሆቹን ሰብስቦ "ሀብታችን እነዚህ ናቸው" አለ ይባላል። የሹመቱ ሥር እዚህ ጋ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ሹመቱ በደንብ የተተከለው ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 አገሪቱን ከያዙ በኋላ ነው። በ1070 ላንፍራንክ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ፣ ማለትም የእንግሊዝ ጳጳሳት አለቃ፣ ሆነ፤ ጳጳሳቱም አርችዲከን እንዲሾሙ ተወሰነ። የሊንከን ሀገረ ስብከት ብቻውን ከሀምበር እስከ ቴምዝ ወንዝ ይደርስ ነበር። አንድ ጳጳስ በፈረስ ስንቱን ያዳርሳል? ስለዚህ በስምንት ተከፈለ፤ ለእያንዳንዱም አንድ አርችዲከን ተመደበ። "የጳጳሱ ዓይን" ይሏቸው ነበር። ስማቸው ሊቀ ዲያቆናት ይሁን እንጂ ሥራቸው ወደ እኛ ሊቀ ካህናት ይቀርባል።

የኖርማኖቹ ንጉሥ ቀዳማዊ ዊሊያም ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ከሌላው ፍርድ ቤት እንዲለይ አዘዘ። አርችዲከኑ ዳኛ ሆነ። ዝሙት፣ አሥራት፣ ኑዛዜ እሱ ፊት ይቀርብ ጀመር። መቀጮም መጣ። በእኔ እምነት ነገሩ የተበላሸው ያኔ ነው። በ1179 ሮም ላይ የተደረገው የላተራን የጳጳሳት ጉባኤ አርችዲከን አጥቢያ ሊጎበኝ ሲሄድ ከ5 እስከ 7 ፈረስ ብቻ ያስከትል ብሎ መደንገግ ነበረበት። እስቲ አስቡት። ያን ሁሉ ሰውና ፈረስ የሚቀልበው ምስኪኑ የገጠር ቄስ ነው! በዚያው ዘመን "አርችዲከን ይጸድቃል ወይ?" የሚል ጥያቄ በካህናት መካከል ይነሳ ነበር። ለድሃ ሊያድል የተሾመ ሰው ድሃው የሚሸሸው ሰው ሆነ። ይህን ሳነብ በጣም አዘንኩ።

ወደ ጥያቄያችን ልመለስ። ቶማስ ቤኬት በ1154 የካንተርበሪ አርችዲከን ሆነ። ቅስና የተቀበለው ግን በ1162፣ ሊቀ ጳጳስ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ነው። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ዲያቆን ነበር ማለት ነው። ስለዚህ አዎ፣ ዲያቆን ቄስን ያዝዝ ነበር። አርችዲከን ግዴታ ቄስ ይሁን የተባለው በ1662 ሕግ ነው።

ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ሲለይ ገዳማቱ ፈረሱ፤ ይህ ሹመት ግን አልተነካም። በ1857 የኑዛዜው ጉዳይ በሕግ ወደ መንግሥት ፍርድ ቤት ዞረ። የዳኝነቱ ጉልበት እንዲህ እየሳሳ ሄደ፤ አጥቢያዎቹን ዞሮ ማየቱ ግን አልተቋረጠም።

ዞሮ ማየት ምን ሊሠራ እንደሚችል ጎረቤታችን ኬንያ ያሳየናል። ዋልተር ኤድዊን ኦወን ከ1918 ጀምሮ የካቪሮንዶ አርችዲከን ነበር፤ ዛሬ ኪሱሙ ባለችበት በምዕራብ ኬንያ ማለት ነው። አጥቢያዎቹን ሲዞር ያየው የጣሪያ ቀዳዳ ብቻ አልነበረም። የጎጆ ግብር ያስጨነቀውን ገበሬ አየ። የግዳጅ ሥራውን አየ። አይቶም ዝም አላለም። በ1923 ሰዎቹ አቤቱታቸውን በጋራ የሚያቀርቡበትን የካቪሮንዶ ግብር ከፋዮች ማኅበር አቋቁሞ መራ። እንግሊዝ አገር ላሉ ጋዜጦች ጻፈ። በእርግጥ ወጣቶቹ የጀመሩትን የፖለቲካ ንቅናቄ አለዝቧል የሚሉት አሉ፤ ወቀሳው ቀላል አይደለም። ነጮቹ ሰፋሪዎች ግን አምርረው ጠሉት። የሹመቱን ስም አጣምመው "አርችዲመን" አሉት። ሊቀ ዲያቆናት ሳይሆን ሊቀ አጋንንት እንደማለት ነው። እኔ ይህን ስድብ ከላውረንስ ታሪክ ጎን አስቀምጠዋለሁ።

እና መጋረጃችንስ?

አርችዲከኗ አንድ ማክሰኞ ጠዋት መጡ። አዎ፣ ሴት ነበሩ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያዋን ሴት አርችዲከን ጁዲት ሮዝን በ1996 ተንብሪጅ ላይ ሾማለች፤ እኛ ግን ያን ቀን አናውቅም ነበር። ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱ። የዕጣኑ ጭስ የት እንደሚወጣ ጠየቁ። ምስማር ድንጋዩን ስለሚጎዳ መስቀያው በራሱ የሚቆም ይሁን አሉ። ከዚያ ታቦቱ ለምን እንደሚጋረድ እንድናስረዳቸው ለመኑን። አንድ አባታችን ረጅም ሰዓት አስረዷቸው። እሳቸውም ቆመው ሰሙ። ፈቃዱ በጽሑፍ መጣልን፤ መጋረጃውንም ለፋሲካ ሰቀልነው።

አመሰግናለሁ።